ጥሩ ማቻ መርጦ ቤት ውስጥ ማዘጋጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ማቻ፣ ማለትም በጥላ ሥር ካደገ የሻይ ቅጠል ስለሚፈጨው አረንጓዴ ዱቄት፣ የሚነሱት ጥያቄዎች ብዙ ይመስላሉ እንጂ ሲጨመቁ ሁለት ናቸው፦ «የቱን ልግዛ?» እና «ለምን መረረኝ?»። መልሳቸውም የተያያዘ ነው። ማቻ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ነው። በቅርቡ የተፈጨ ከሆነና በፈላ ውሃ ካልተቃጠለ ብዙም አያስቸግርም።

ማቻ ከሌላው አረንጓዴ ሻይ በምን ይለያል?

ተክሉ ያው የሻይ ተክል ነው። ጥቁር ሻይም፣ አረንጓዴ ሻይም፣ ማቻም ከእሱ ይመጣሉ። የሚለየው አያያዙ ነው።

ለማቻ የሚሆነው ማሳ ቅጠሉ ሊለቀም ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ጥላ ይለብሳል። ዱሮ ከሸምበቆና ከገለባ በተሠራ መሸፈኛ ነበር፤ አሁን በአብዛኛው ጥቁር መረብ ይዘረጋበታል። ብርሃን ያጠረው ቅጠል ባለችው ብርሃን ለመኖር ሲል ክሎሮፊሉን ያበዛል። ያ ድምቅ ያለ አረንጓዴ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጣዕሙም ይለወጣል። የሻይ ተክል ቲያኒን የሚባል አሚኖ አሲድ ሥሩ ውስጥ ሠርቶ ወደ ቅጠሉ ይልካል። ቅጠሉ ፀሐይ ሲጠግብ ይህ ቲያኒን ተሰባብሮ ካቴኪን ለመሥራት ይውላል። ካቴኪን ደግሞ ያ የሚመርረው፣ ምላስ የሚያደርቀው ነገር ነው። ጥላው ይህን ስለሚያዘገየው ቲያኒኑ ቅጠሉ ውስጥ ይቀራል። ጥሩ ማቻ ስትጠጡ የሚሰማችሁ ለስላሳ፣ መረቅ መረቅ የሚል ጣዕም የእሱ ነው።

ከተለቀመ በኋላ ቅጠሉ ሳይውል ሳያድር በእንፋሎት ይመታል፤ አለዚያ ይጠቁራል። ከዚያ ሳይታሽና ሳይጠቀለል ይደርቃል። ጅማቱና እንጨቱ ተለይቶ ይወጣለታል። የቀረው ስስ ቅጠል ቴንቻ ይባላል፤ ማቻ ማለት የተፈጨ ቴንቻ ነው። አንድ የድንጋይ ወፍጮ በሰዓት የሚያወጣው 40 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ማፍጠን ይቻላል፤ ግን ድንጋዩ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ደግሞ ሽታውም ቀለሙም ይጎዳል።

ሌላው ልዩነት አጠጣጡ ነው። ሌላውን ሻይ ዘፍዝፈን ውሃውን እንጠጣና ቅጠሉን እንጥላለን። ማቻን ግን ከነቅጠሉ ነው የምንጠጣው። ስለዚህ ቅጠሉ መጥፎ ከሆነ መሸሸጊያ የለውም።

«የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት» የሚል ማሸጊያ አየሁ። ያው አይደል?

አይደለም። ጥላ ያላየ ተራ አረንጓዴ ሻይ ተፈጭቶም በዚህ ስም ይሸጣል። መጥፎ ነገር ነው ማለት አይደለም፤ ለኬክ ወይም ለጁስ ይሆናል። ግን ይመርራል፣ ሻካራ ነው፣ ቀለሙም ፈዘዝ ይላል። በማቻ ዋጋ አትግዙት።

ጥሩ ማቻ በዓይን ይለያል?

በአብዛኛው አዎ። ትንሽ ዱቄት ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉና በመስኮት ብርሃን እዩት። የመብራት ብርሃን ያታልላል። ጥሩው ሕያው አረንጓዴ ነው፤ ዓይን ይስባል። ወደ ቢጫ ካደላ ወይ ጥላ አልጠገበም፣ ወይ ዘግይቶ ከተለቀመ ጠንካራ ቅጠል ነው የተሠራው። ወደ ቡናማ ወይም ግራጫ ካደላ ደግሞ አርጅቷል፤ አየርና ብርሃን አግኝቶታል። ሁለት ዓይነት ማቻ ካላችሁ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስተያዩ። ለየብቻቸው ሁለቱም አረንጓዴ ይመስላሉ፤ ሲደረደሩ ግን ልዩነቱ ወለል ብሎ ይታያል።

ቀጥሎ በጣታችሁ ወረቀቱ ላይ ጫን ብላችሁ ሳቡት። በደንብ የተፈጨ ማቻ ረዥምና ወጥ መስመር ይተዋል፣ ጣት ላይም እንደ ዓይን ኩል ይለጠፋል። ሻካራው ይቆራረጣል፣ በጣት መካከል ሲታሽም አሸዋ አሸዋ ይላል። የጥሩ ማቻ ቅንጣት መጠኑ በአብዛኛው ከ5 እስከ 10 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) አካባቢ ነው። ምላስ እንደዚህ ያለውን ቅንጣት ለይቶ አይሰማውም፤ ለስላሳ ሆኖ ያልፋል።

ከዚያ አሽትቱት። ጣፈጥ ያለ፣ የለጋ ቅጠል ሽታ ሊኖረው ይገባል። የድርቆሽ፣ የአቧራ ወይም የካርቶን ሽታ ከመጣ ጊዜው ያለፈ ነው። ምንም ሽታ ከሌለውም ያው ነው። እኔ ከቀለም ይልቅ ሽታን ነው የማምነው። ቀለም ሊጨመርበት ይችላል፤ ሽታን ማስመሰል ግን ከባድ ነው።

ችግሩ፣ አብዛኛው ማቻ ታሽጎ ስለሚሸጥ ይህን ሁሉ የምታደርጉት ከገዛችሁ በኋላ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ትንሹን ማሸጊያ ግዙ። 20 ወይም 30 ግራም ለመሞከር ይበቃል። ከወደዳችሁት ትመለሳላችሁ።

«ሴሬሞኒያል» የሚለው ጽሑፍ ምን ያህል ያስተማምናል?

ቃሉ «ለሻይ ሥርዓት የሚሆን» ለማለት ነው፤ ብቻውን ግን ምንም አያስተማምንም። ይህን ደረጃ የሚቆጣጠር ሕግ ወይም መለኪያ የለም። ጃፓን ውስጥም ኦፊሴላዊ ደረጃ አይደለም፤ ሻጮች ራሳቸው የሚለጥፉት ስም ነው። እርግጥ ሐቀኛ ሻጭ በውሃ ብቻ የሚጠጣውን ለምግብ መሥሪያ ከሚሆነው ለመለየት ይጠቀምበታል። ሐቀኛ ያልሆነውም ይጠቀምበታል።

ከዚህ ስም ይልቅ ማሸጊያው ላይ እነዚህን ፈልጉ። ይዘቱ አንድ ነገር ብቻ መሆን አለበት፦ አረንጓዴ ሻይ። ስኳር፣ የወተት ዱቄት ወይም ማልቶዴክስትሪን (ከስታርች የሚሠራ መሙያ ዱቄት) ከተጻፈበት የተዘጋጀ የመጠጥ ቅልቅል ነው። አገሩ ብቻ ሳይሆን አካባቢው ከተጠቀሰ ጥሩ ምልክት ነው። «የመጀመሪያ ለቀማ» የሚል ካለበት ደግሞ የተሻለ ነው። ተክሉ የጃፓንን ብርዳማ ወራት ሙሉ ያጠራቀመውን ይዞ የሚወጣው በጸደይ ለቀማ ነው፤ በአብዛኛው ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት ድረስ ይለቀማል። ከሁሉም በላይ ግን የተፈጨበትን ወይም የታሸገበትን ቀን ፈልጉ። የማብቂያ ቀን ብቻ ከሆነ ያለው መቼ እንደተፈጨ አይነግራችሁም።

ከየት የመጣው ይሻላል?

ከጃፓን አካባቢዎች በዝና ቀዳሚው በኪዮቶ አካባቢ ያለው ኡጂ ነው። ሻይን በጥላ ሥር የማሳደግ ዘዴ ስሙ የሚነሳውም ከዚያ ጋር ነው። አይቺ ውስጥ ያለው ኒሺዮም ማቻ በብዛት የሚመረትበት ነው። ፉኩኦካ ውስጥ ያሜ በጥላ በሚያድግ ሻይ የታወቀ ነው። ካጎሺማና ሺዙኦካም አሉ። ቻይናም በጣም ብዙ ታመርታለች፤ ጉይጆው የሚባለው ክፍለ ሀገሯ ትልቅ የምርት ቦታ ሆኗል።

ደግሞም ዱቄት ሻይን በውሃ መትቶ መጠጣት መነሻው ቻይና ነው። ኤይሳይ የተባለው የዜን መነኩሴ በ1191 እ.ኤ.አ. በሶንግ ሥርወ መንግሥት ትገዛ ከነበረችው ቻይና ሲመለስ የሻይ ዘር ይዞ እንደመጣና ይህን አጠጣጥ ጃፓን ውስጥ እንዳስፋፋ ይነገራል። ቻይና ውስጥ ልማዱ እየቀረ ሲሄድ ጃፓን ውስጥ ሥር ሰደደ።

ቢሆንም የቦታ ስም አይጠጣም። አምና የተፈጨ የኡጂ ማቻ ባለፈው ወር ከተፈጨ የካጎሺማ ማቻ አይበልጥም። መምረጥ ካለብኝ ሁልጊዜ አዲሱን ነው የምመርጠው።

ዋጋው ለምን ይወደዳል? ለምንስ ከገበያ ይጠፋል?

ምርጡ ቅጠል በዓመት አንዴ ነው የሚለቀመው። ጥላው፣ ለቀማው፣ ማጥራቱ፣ ቀስ ብሎ መፍጨቱ ሁሉ ጉልበት ነው። አዲስ የተተከለ የሻይ ችግኝ በቂ ምርት ለመስጠት አምስት ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ፈላጊ ሲበዛ ምርቱ ቶሎ ሊከተለው አይችልም። በ2024 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ላይ ፍላጎቱ ድንገት ስለጨመረ የታወቁ የኪዮቶ ሻይ ቤቶች ለአንድ ገዢ የሚሸጡትን መጠን እስከመገደብ ደርሰዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ አስመሳዩ ይበዛል። በጣም ርካሽ ሆኖ «ምርጥ የኡጂ ማቻ» የሚል ካያችሁ እለፉት።

ምን ዕቃ ያስፈልገኛል?

ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ሳህን፣ የሻይ ወንፊትና መምቻ። በቃ።

መምቻው ቻሴን የሚባለው የቀርከሃ መምቻ ቢሆን ይመረጣል። ከአንድ የቀርከሃ ቁራጭ ነው የሚሠራው፤ ጫፉ በጣም ብዙ ስስ ጥርሶች ሆኖ ይሰነጠቃል። ለመጀመሪያ 80 ወይም 100 ጥርስ ያለው ጥሩ ነው። ናራ ውስጥ ታካያማ የሚባለው ቦታ በዚህ ሥራ ለዘመናት ይታወቃል። ቻሴን ከሌላችሁ በባትሪ የሚሠራው ትንሹ የወተት መምቻ ያስኬዳል። አረፋው ሸካራ ይሆናል እንጂ ጣዕሙን አይገድለውም። ሹካና ማንኪያ ግን አይሆኑም፤ ዱቄቱ ይጓጉላል።

የቀርከሃዋ መስፈሪያ፣ የመምቻው ማስቀመጫ፣ ባለ ሳጥኑ ሙሉ ስብስብ ሁሉ ያምራሉ። ግን ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ዱቄቱ ላይ አውሉት።

እሺ፣ አሠራሩስ?

መጀመሪያ ሳህኑን በሙቅ ውሃ አሙቁት። የቻሴኑንም ጥርሶች እዚያው ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል ንከሩ። ደረቅ ቀርከሃ ይሰበራል፤ ሲርስ ይተጣጠፋል። ውሃውን ድፉትና ሳህኑን በንጹህ ጨርቅ አድርቁት። እርጥብ ሳህን ላይ የወደቀ ማቻ ወዲያው ይጣበቃል።

2 ግራም ማቻ በወንፊት ንፉበት። ሚዛን ከሌለ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ብዙ ሰው መንፋቱን ይዘለዋል፤ እባካችሁ አትዝለሉት። እንዲህ የላመ ዱቄት እርስ በርሱ ተያይዞ ትናንሽ ጓሎች ይሠራል። ጓሉ ውሃ ሲነካው ውጪው ይርስና ውስጡ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ምንም ብትመቱት አይፈታም፤ ስትጠጡ አፋችሁ ውስጥ ይፈርጣል።

አሁን ጥቂት ውሃ ብቻ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ አድርጉና ቀስ ብላችሁ አሹት። የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ሊጥ ይሆናል። ከዚያ የቀረውን ውሃ ጨምሩ። ጠቅላላው 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሁን።

ምቱ ከእጅ አንጓ ነው እንጂ ከትከሻ አይደለም። ሳህኑን በአንድ እጅ ያዙ። በሌላው ቻሴኑን ቀጥ አድርጋችሁ ወደፊትና ወደኋላ፣ ፈጠን ባለ ዚግዛግ አንቀሳቅሱት። ክብ እየሠራችሁ አታማስሉ፤ እሱ ማዋሐድ እንጂ አረፋ ማውጣት አይደለም። ጥርሶቹ የሳህኑን ወለል መፋቅ የለባቸውም፤ ለጥቂት ከፍ ይበሉ። መጀመሪያ ትልልቅ አረፋ ይወጣል። አትቁሙ። ወደ 15 ሰከንድ ሲጠጋ ድምፁ ይለወጣል፤ የውሃ መንቦጫረቁ ይቀርና ለስለስ ያለ ሽውታ ይሆናል። ያኔ ቻሴኑን ወደ ላይኛው ክፍል አንሱና አረፋውን ብቻ እየነካካችሁ ትልልቆቹን አፈንዱ። በመጨረሻ ከመሐል ቀስ ብላችሁ አውጡት።

ወዲያው ጠጡት።

ውሃው ስንት ዲግሪ ይሁን? ቴርሞሜትር የለኝም።

ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። የፈላ ውሃ መራራውን ካቴኪንና ካፌይን ቶሎ ጠራርጎ ያወጣል፣ ሽታውንም ያበርረዋል። ቲያኒኑ ግን ለብ ባለ ውሃም ይወጣል። ስለዚህ ሙቀቱን ስትቀንሱ ምሬቱ ይቀንሳል፤ ጣፋጩ ግን አይጎድልባችሁም።

ያለ ቴርሞሜትር እንዲህ አድርጉ። የፈላውን ውሃ ወደ አንድ ባዶ ኩባያ ገልብጡ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ኩባያ። በየግልበጣው ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ሁለት ጊዜ ገልብጣችሁ ትንሽ ብትጠብቁ ተስማሚው ላይ ናችሁ።

የውሃው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ጠንካራ ውሃ ጣዕሙን ያደነዝዘዋል። ማንቆርቆሪያችሁ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ በተጣራ ውሃ ሞክሩት።

በተባለው ሙቀት ሠርቼውም መረረኝ።

ዱቄቱን ቀንሱና 1.5 ግራም አድርጉ። አሁንም ከመረረ ችግሩ ዱቄቱ ነው። ወይ አርጅቷል፣ ወይ ለምግብ መሥሪያ የታሰበ ነው። ትንሽ ምሬት ግን በምርጡ ማቻም ውስጥ አለ። ጥሩ ምሬት ይመጣና ይሄዳል፣ ኋላውም ይጣፍጣል። መጥፎው ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል።

አረፋ አልሠራ አለኝ።

ሳህኑ ጠባብ ወይም ውሃው ብዙ ሊሆን ይችላል። ያረጀና የሻከረ ዱቄትም አረፋው ይሰንፋል። ደግሞ አረፋ የጥራት ማረጋገጫ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ካሉት የሻይ ሥርዓት ትምህርት ቤቶች ኡራሴንኬ ወፍራም አረፋ ያወጣል፤ ኦሞቴሴንኬ ደግሞ አረፋውን ቀንሶ የሻዩን ገጽ በከፊል ክፍት ይተወዋል። ሁለቱም ማቻ ነው።

ታች የሚዘቅጠው ለምንድን ነው?

ማቻ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ተንሳፍፎ ነው የሚቆየው። ከቆየ ይዘቅጣል። ሳህኑን ወዝወዝ አድርጋችሁ ጨርሱት።

ከወተት ጋርስ? በበረዶስ?

ሁለቱም ጥሩ ነው። ከወተት ጋር ሲሆን ማቻውን መጀመሪያ በ50 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ምቱት፣ ከዚያ ወተቱን ጨምሩበት። ዱቄቱን ቀጥታ ወተት ላይ መበተን የጓል መንስኤ ነው። ወተት ጣዕሙን ስለሚሸፍነው ዱቄቱን ወደ 3 ግራም ከፍ አድርጉ። ለዚህ በጣም ውድ የሆነውን አታውሉ፤ ልዩነቱ አይሰማችሁም። እንዲያውም ምሬቱ ጠንከር ያለ ማቻ ከወተት ጋር ይበልጥ ይስማማል።

በቀዝቃዛ ደግሞ ከዚህም ይቀልላል። የተነፋ ማቻና ቀዝቃዛ ውሃ ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ አድርጉና ለግማሽ ደቂቃ በኃይል ነቅንቁት። ቀዝቃዛ ውሃ ምሬቱን ብዙም ስለማያወጣ ለጀማሪ በጣም ጥሩ መግቢያ ነው።

ስኳርም ከፈለጋችሁ ጨምሩ፤ ማንም አይከለክላችሁም። በጃፓን የሻይ ሥርዓት ሻዩ ውስጥ አይጨመርም፤ ከመጠጣቱ በፊት ጣፋጭ ይበላና አፍ ላይ የቀረው ጣዕም ሻዩን ይቀበለዋል። ሞክሩት፤ ከስኳሩ ይሻላል።

«ኮይቻ» ሲባል ሰማሁ። ምንድን ነው?

ወፍራሙ ማቻ ነው። ወደ 4 ግራም ዱቄት በ40 ሚሊ ሊትር ውሃ ብቻ ይታሻል እንጂ አይመታም። እንደ ማር ይወርዳል። ምርጥ ዱቄት ከሌላችሁ አትሞክሩት።

ከተከፈተ በኋላ እንዴት ላስቀምጠው?

የማቻ ጠላቶች አየር፣ ብርሃን፣ ሙቀትና እርጥበት ናቸው። ሽታም ይጋባበታል፤ ከቅመም አጠገብ አይቀመጥም። ብርሃን በማያስገባ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አድርጉት። ከፍሪጅ ስታወጡት ግን ወዲያው አትክፈቱት። ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ሲከፈት የክፍሉ አየር ውስጡ ገብቶ ጤዛ ይሠራል፣ ዱቄቱም ይረጥባል። መጀመሪያ የክፍሉን ሙቀት ይያዝ። በየቀኑ የምትጠጡ ከሆነ የሳምንቱን በትንሽ ቆርቆሮ ለይታችሁ ውጭ ጥላ ቦታ ማስቀመጥ ይቀልላል።

ከተከፈተ በኋላ በአንድ ወር፣ ቢበዛ በሁለት ወር ጨርሱት። ከዚያ በኋላ መርዝ አይሆንም፤ ጣዕሙ ነው የሚሞተው። ያንን ለኬክ፣ ለብስኩት ወይም ለአይስክሬም አውሉት። ምድጃ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ወደ ቡናማ ማድላቱ አይቀርም፤ ክሎሮፊል ሙቀት አይችልም።

ቻሴኑን በሳሙና ልጠበው?

በፍጹም። ቀርከሃው ሳሙናውን ይጠጣዋል። በለብታ ውሃ ጥቂት ምቱና አራግፋችሁ አየር ላይ አድርቁት። ታሽጎ የመጣበት የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥቡን አትመልሱት፤ ይሻግታል። ጥርሶቹ መሰበር ሲጀምሩ ቀይሩት፤ ስባሪው ሻዩ ውስጥ ይገባል።

ካፌይኑስ? እንቅልፍ ይነሳል?

ከማቻ ክብደት ወደ 3 በመቶ የሚሆነው ካፌይን ነው። ስለዚህ 2 ግራም ማቻ 60 ሚሊ ግራም ገደማ አለው፤ እንደየዱቄቱ ከፍና ዝቅ ይላል። ብዙ ጠጪዎች የማቻ ንቃት ለስለስ ያለ ነው ይላሉ፤ ለዚህም ቲያኒኑን ያመሰግናሉ። ያም ሆኖ ካፌይን ካፌይን ነው። እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ ከሰዓት በኋላ አትጠጡት። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለጤናማ አዋቂ በቀን ከሁሉም ምንጭ እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ ለነፍሰ ጡር እስከ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን ስጋት እንደማያመጣ አስቀምጧል።

መጠንቀቅ ያለበት ሰው አለ?

አዎ። የሻይ ካቴኪን ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያውካል። የደም ማነስ ያለበት ሰው ከምግብ ጋር አይጠጣው፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያራርቀው። ባዶ ሆድ ላይ የሚያቅለሸልሻቸውም አሉ። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ በየቀኑ መጠጣት አይጀምሩ። ቅጠሉ ከነሙሉው ስለሚጠጣ ማቻ ውስጥ ቫይታሚን ኬ አለ፤ ይህ ቫይታሚን ደግሞ የመድኃኒቱን ሥራ ይቀንሳል።